የኮንቨርተብል (ጣራው የሚከፈት) መኪና መስታወት ሲንገጫገጭ፦ ማንሻውን ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ነው የምኖረው። 1994 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ አለኝ፤ መስታወቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ጣራውን ከፍቼ፣ መስታወቱን በግማሽ አውርጄ ስነዳ በሾፌሩ በኩል ያለው መስታወት ክፉኛ ይንገጫገጫል። እስከ ላይ ሳወጣው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በሩን ስዘጋም መስታወቱ ይርገበገባል። አንድ ጋራዥ ማንሻው (መስታወቱን የሚያወጣውና የሚያወርደው መሣሪያ) ከነሞተሩ መቀየር አለበት አለኝ። ልቀይረው?»

መልስ፦ አሁን አይቀይሩት። ሞተሩ መስታወቱን ሳይቆራረጥ የሚያወጣና የሚያወርድ ከሆነ ማንሻው ሥራውን እየሠራ ነው። የገለጹት ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው፦ መስታወቱን ከማንሻው ጋር ከሚያያይዙት ቡሺንጎች (ትንንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች)፣ በበሩ አፍ ላይ መስታወቱን ግራና ቀኝ ከሚደግፉት ባለፌልት (ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ የለበሱ) መደገፊያዎች፣ እና ከላሉ ብሎኖች። አዲስ ማንሻ ቢገጠምልዎትም መደገፊያዎቹ ያው አሮጌዎቹ ስለሆኑ ድምፁ ይቀጥላል፤ ገንዘቡ ግን ወጥቷል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን መስታወቱ በምን ተይዞ እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል። በተራ የቤት መኪና በር ላይ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ፍሬም አለ። መስታወቱ ግማሽ ላይ ቢሆንም ሁለቱ ጎኖቹ በጎማ ቦይ ውስጥ ስለሚገቡ የሚወዛወዝበት ቦታ የለውም። በሚያታና በሌሎች ኮንቨርተብሎች በር ላይ ይህ ፍሬም የለም። መስታወቱ እስከ ላይ ሲወጣ የላይኛው ጠርዙ የጣራውን ጎማ ተጭኖ ያርፋል። ጣራው ሲከፈት ይህ ድጋፍ ይጠፋል። በግማሽ ሲወርድ ደግሞ በዋናነት የሚይዘው በሩ ውስጥ ያለው ነው፦ ከታች የማንሻው ተሸካሚ (መስታወቱ የተቀመጠበት ክፍል)፣ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ሀዲድ፣ በበሩ አፍ ላይ ያሉት መደገፊያዎችና የመስታወት ጎማዎች። ከእነዚህ አንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ቢፈጥር እንኳ የመስታወቱ የላይኛው ጫፍ በብዙ እጥፍ ይወዛወዛል፤ መስታወቱ ረጅም፣ መያዣው ግን አጭር ስለሆነ። ድምፁ ግማሽ ላይ የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ላይ ጣራ የሌለው መኪና ቦዲው ራሱ ይጠማዘዛል። ጣራው የተበየደ መኪና የበሩን ክፍት ቦታ ከላይ አስሮ ይይዘዋል፤ ኮንቨርተብል ላይ ያ ማሰሪያ ስለሌለ ጎርባጣ መንገድ ላይ በሩና የበሩ ክፈፍ አብረው አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ ከ30 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ድምፅ ጨርሶ እንዲጠፋ አይጠብቁ። መስታወቱ ግን ዝም ማለት ይችላል።

በሩን ከመፍታትዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ ሁለቱም የሚፈጁት ጥቂት ደቂቃ ነው።

አንደኛው የጎማ ንፋስ ነው። ለዚህ ትውልድ ሚያታ ማዝዳ የሚያዘው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ 26 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። መኪናው ቀላል ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። ብዙ ጎሚስታ ግን ሳይጠይቅ እንደ ሌላው የቤት መኪና 32 ወይም 35 ይሞላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የአስፋልት ስንጥቅ በቀጥታ ወደ በሩ ይገባል። መጀመሪያ ወደ 26 ዝቅ አድርገው ያንኑ መንገድ ይንዱት። አንዳንድ ጊዜ የድምፁ ግማሽ እዚሁ ይጠፋል።

ሁለተኛው በሩ ራሱ ነው። በሩን ሲዘጉ መስታወቱ ይርገበገባል ያሉት እዚህ ጋር ሊገናኝ ይችላል። በሩን ዘግተው ከውጭ የኋላ ጠርዙን በእጅዎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፉት። ከተነቃነቀ ወይም ኳ ካለ ችግሩ ከመስታወቱ በፊት ከበሩ ይጀምራል። በሩ የሚቆለፍበት ቀለበት በላስቲክ ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ሽፋኑ ሲበላ ብረት ከብረት ይገናኛል። ከቀለበቱ ሌላ በበሩ የኋላ ጠርዝና በቦዲው መካከል ተሰካክተው በሩን እንዳይወዛወዝ የሚይዙ የሾጣጣ ቅርጽ መያዣዎች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ቁራጮች በዚህ ዕድሜ ላይ አልቀው ወይም ተሰባብረው ይገኛሉ። የሚቀየሩት ከውጭ በብሎን ብቻ ነው፤ የበሩ ሽፋን አይፈታም። እኔ ብጠየቅ ለማንኛውም የመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ ባለቤት መጀመሪያ የማዘው ዕቃ ይህ ነው፤ በትንሽ ወጪ የመኪናውን አጠቃላይ ስሜት ይለውጣል። ቀለበቱን የሚያስተካክሉ ከሆነ ሳይፈቱት ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ፤ የሚያንቀሳቅሱትም በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥ። ባለመስቀል ብሎኖቹ በጣም ስለሚጠብቁ ቁጥር 3 የሆነ ትልቅ ካቻቪቴ ያስፈልጋል። በቁጥር 2 ከታገሉ የብሎኑን ራስ ይበሉታል።

አሁን ወደ መስታወቱ። የመኪናውን ሞተር አጥፍተው፣ በሩን ከፍተው፣ መስታወቱን በትክክል ግማሽ ላይ ያቁሙት። የላይኛውን የኋላ ጥግ በመዳፍዎ ይያዙና በሦስት አቅጣጫ ይነቅንቁት፤ እያንዳንዱ አቅጣጫ የተለየ ዕቃ ይጠቁማል።

ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ብቻ ከተወዛወዘ መደገፊያዎቹ ወይም በበሩ አፍ ያሉት ጎማዎች አልቀዋል። ይህን ለማረጋገጥ ካርቶን አጥፈው በመስታወቱና በውስጠኛው ጎማ መካከል ይሰኩና ይንዱት፤ ድምፁ ከጠፋ መልሱ ተገኘ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም እንደ ሚዛን አንዱ ጥግ ሲወርድ ሌላው ከተነሳ፣ ቡሺንጎቹ ናቸው፤ ወይም ሀዲዱ ላልቷል። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ከተነሳና ከወረደ ተሸካሚው ራሱ ተሰንጥቋል ወይም የማንሻው ካቦ (የሽቦ ገመዱ) ላልቷል። ከእነዚህ ውስጥ ማንሻውን ለመቀየር ምክንያት ሊሆን የሚችለው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው።

ከዚያ መስታወቱን ጨርሶ ያውርዱና የበሩን ላሜራ ከውጭ በጡጫዎ ቀስ አድርገው ይምቱት። አሁንም ከተንኳኳ ድምፁ ከመስታወቱ አይደለም፤ በሩ ውስጥ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ መስታወቱን ሲያስተካክሉ መዋል ከንቱ ድካም ነው።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ያሰናዱ፦ 10 ቁጥር ቡሶላ ከማርዘሚያ ጋር፣ ባለመስቀል ካቻቪቴ ቁጥር 2፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ ለአንድ በር 2 የመስታወት ቡሺንግ፣ 5 ወይም 6 መለዋወጫ የሽፋን ክሊፕ፣ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጀርባው የሚለጠፍ ፌልት፣ ነጭ የሊቲየም ግሪስ፣ የሲሊኮን ስፕሬይ፣ ማጽጃ አልኮል፣ እና የማይደርቅ የቡቲል ማጣበቂያ። ክሊፖቹን አይዝለሏቸው። የድሮ ፕላስቲክ በተለይ በክረምት ብርድ ስለሚሰበር ሥራውን ሞቅ ባለ ቀን ወይም በሞቀ ጋራዥ ውስጥ ይሥሩት።

ባትሪውን ይፍቱ። በዚህ መኪና ላይ የሚገኘው ከኮፈኑ ሥር ሳይሆን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ቀኝ ጥግ ነው። መስታወቱ የት ላይ መቆም እንዳለበት አስቀድመው ይወስኑ፤ ባትሪው ከተፈታ በኋላ አይንቀሳቀስምና። የቡሺንጎቹ ብሎኖች በበሩ ላሜራ ቀዳዳ በኩል የሚታዩት መስታወቱ ከፊል ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑን ከፈቱ በኋላ ባትሪውን ለአፍታ መልሰው መስታወቱን ወደዚያ ቦታ ማምጣት ይኖርብዎታል። በዚያች አፍታ እጅዎ በሩ ውስጥ እንዳይገኝ። ሞተሩ ትንሽ ቢመስልም ጣት ይሰብራል።

የበሩን ውስጠኛ ሽፋን ለማውጣት የውስጥ እጀታው ዙሪያ ያለውን ብሎንና የበሩን መሳቢያ እጀታ ብሎኖች ይፍቱ። ከዚያ ክሊፖቹን ከታችኛው ጥግ ጀምረው አንድ በአንድ ይፈልቅቁ፤ መፈልቀቂያው ከክሊፑ አጠገብ መግባት አለበት፤ አለዚያ የሽፋኑ ካርቶን ተቀዶ ክሊፑ በሩ ላይ ይቀራል። ዙሪያው ሲላቀቅ ሽፋኑን ወደ ላይ አንስተው ያውጡት፤ ወደ ራስዎ አይጎትቱት። ከሥሩ የሚያገኙት ላስቲክ ተራ መጠቅለያ እንዳይመስልዎት። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ የሚገባው ዝናብ ወደ ሳሎን (ሰው ወደሚቀመጥበት የመኪናው ክፍል) እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። ማጣበቂያውን በቢላ ቀስ ብለው እየቆረጡ ያላቁት እንጂ አይቅደዱት።

መስታወቱን በሰፊ ፕላስተር ከበሩ አፍ ጋር አስረው ያቁሙት፤ ፕላስተሩ ከውጭ ጀምሮ በላይኛው ጠርዝ ዞሮ ወደ ውስጥ ይውረድ፤ 2 ቦታ ይበቃል። የበር መስታወት ሙቀት የተሰጠው ጠንካራ መስታወት ስለሆነ ፊቱን ቢመቱት ይችላል፤ ጠርዙ ግን በቡሶላ ሲነካ በአንድ ጊዜ ወደ ጥራጥሬ ይለወጣል።

ከመፍታትዎ በፊት የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ በማርከር ያስምሩ፤ ሮንዴላው የተቀመጠበትን ዙሪያ ጭምር። ይህ ምልክት ወደ ነበረበት የሚመልስዎት ብቸኛ መንገድ ነው፤ የመስታወቱ ዘንበል ማለት፣ ከፍታውና ወደ ፊት መግፋቱ የሚወሰነው በእነዚህ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ውስጥ ብሎኑ በቆመበት ቦታ ስለሆነ። ሳያስምሩ የፈቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ንፋስና ውኃ የሚያስገባ መስታወት ይዘው ይቸገራሉ።

ቡሺንጎቹን ሲያወጡ ይመርምሯቸው። ጤነኛው ክብ ነው። ያለቀው እንቁላል ቅርጽ ይዟል፣ ተሰንጥቋል፣ ወይም በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። አንዱ ቢበላሽም ሁለቱንም ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ሲሆን መስታወቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አዲሶቹ የሚንሸራተቱበት ቦታ ላይ ያለውን ጠቁሮ የደረቀ ግሪስ በአልኮል አጥርገው ነጭ የሊቲየም ግሪስ በስሱ ይቀቡ። የኤሌክትሪክ መስታወታቸው የሚያዘግምባቸው ሚያታዎች ብዙውን ጊዜ ችግራቸው ይህ የደረቀ ግሪስ ነውና በዚህ አጋጣሚ ፍጥነቱም ይሻሻላል። የላሉ ብሎኖች ላይ ሰማያዊውን፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ላይ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ ፕላስቲክ በዚህ ፈሳሽ ይሰነጠቃል። ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎኖች ስለሆኑ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ኃይል በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጠብቁ አዲሱ ቡሺንግ ተጨፍልቆ በሳምንት ውስጥ ወደ ድሮው ድምፅ ይመለሳሉ።

ቀጥሎ የበሩ አፍ። ከላሜራው ውስጥ፣ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ፌልት የለበሱ መደገፊያዎች አሉ፤ መስታወቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብለው ይገፉታል፤ ከውጭ ደግሞ የውጭው ጎማ ይቀበለዋል። ፌልቱ አልቆ ፕላስቲኩ ብቻ ከቀረ መስታወቱ ላይ ጭረት ያወጣል፤ ቀጥ ያለ ጭረት በመስታወቱ ውስጠኛ ፊት ላይ ካዩ ማስረጃው እሱ ነው። አዲስ መደገፊያ ካላገኙ አሮጌውን ፍቀው፣ በአልኮል አጽድተው፣ አዲስ ፌልት ይለጥፉ። ከዚያ መደገፊያውን መስታወቱን እስኪነካ ብቻ ያስጠጉት። ልኩ እንዲህ ይፈተሻል፦ አንድ ወረቀት በመካከላቸው አስገብተው ሲጎትቱት በትንሽ መያዝ መውጣት አለበት። በነፃነት ከወጣ ላልቷል፤ ከተቀደደ ከመጠን በላይ ጠብቋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፁን ለመግደል መደገፊያውን አጥብቆ ይጫነዋል፤ ለአንድ ወር ጸጥ ይላል። ነገር ግን ሞተሩ በእያንዳንዱ መውጣትና መውረድ ያንን ጭነት ይሸከማል፣ ካቦው ይፈተላል፣ በመጨረሻ ማንሻው በእውነት ይበላሻል። መስታወቱ መደገፍ አለበት እንጂ መታነቅ የለበትም። ማመሳከሪያ እንዲሆንዎት የቀኙን መስታወት ከታች እስከ ላይ የሚወጣበትን ጊዜ በስልክዎ ይለኩ፤ የግራው ከዚያ በግልጽ ከዘገየ አጥብቀዋል።

ሀዲዱን የሚያስተካክሉ ከሆነ የላይኛውንና የታችኛውን ብሎን ሁለቱንም አላልተው፣ መስታወቱን እስከ ላይ አውጥተው የላይኛውን ያጥብቁ፤ ከዚያ መስታወቱን አውርደው የታችኛውን። ሀዲዱ በራሱ ከመስታወቱ መንገድ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል። በአንድ ቦታ ላይ ሁለቱንም ካጠበቁ መስታወቱ በሌላው ጫፍ ይነክሳል።

የውጭውን ጎማ በጣትዎ ይጫኑት። ከደረቀና ከተሰነጠቀ፣ ከመስታወቱም ርቆ ከቆመ መቀየር አለበት፤ ምንም ዓይነት ቅባት አያድነውም። ለስላሳ ከሆነ ግን በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሲደርቅ ሲሊኮን በጨርቅ ይቀባ። የሞተር ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ በጎማና በፌልት ላይ አይጠቀሙ። ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ቅባት ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ፌልቱ ደግሞ አቧራ ይዞ መስታወቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ሽፋኑ እንደተከፈተ በሩ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ነገሮች በእጅዎ ይፈትሹ። የመቆለፊያው ቀጫጭን ዘንጎች ከፕላስቲክ መያዣቸው ወጥተው ላሜራውን ይመታሉ፤ ፌልት ይጠምጥሙባቸው። የሽቦ ሶኬቶች ተንጠልጥለው ይንኳኳሉ፤ አስረው ያቁሟቸው። የስፒከሩን ብሎኖች ያጥብቁ። በበሩ ሥር የወደቀ ብሎን ወይም የተሰበረ ክሊፕ ካለ ያውጡት። በበሩ ታችኛ ጠርዝ ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችም በቀጭን ፕላስቲክ ይክፈቷቸው፤ በሜሪላንድ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እዚያ ሲጠራቀም በሩን ከውስጥ ይበላዋል። በዚህም ምክንያት ባዶውን ቦታ በስፖንጅ መሙላት የሚለውን ምክር አይስሙ። ስፖንጁ ውኃ ይይዛል፣ ላሜራው ይዝጋል፣ አንዱ ቁራጭም አንድ ቀን መስታወቱ መንገድ ውስጥ ይገባል።

ላስቲኩን በአዲስ ቡቲል ዙሪያውን መልሰው ይለጥፉ፤ የታችኛው ጠርዙ ወደ በሩ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ውኃው ወደ ሳሎን ሳይሆን ወደ በሩ እንዲንጠባጠብ። ሽፋኑን ከመዝጋትዎ በፊት ግን መስታወቱን ቢያንስ 5 ጊዜ ያውጡና ያውርዱ። ጣራውን ቆልፈው፣ በመስታወቱ የላይኛ ጠርዝና በጣራው ጎማ መካከል በ4 ወይም 5 ቦታ ላይ የወረቀት ፍተሻውን ይድገሙ። ፊት ለፊት ይዞ ኋላ ከላላ የመስታወቱ ዘንበል ማለት መስተካከል አለበት። መስታወቱ ወደ ላይ አልፎ የጣራውን ጎማ ካጣመመ ደግሞ ከፍታውን የሚገድቡትን ማቆሚያዎች ዝቅ ያድርጓቸው። በሩን ሲዘጉ የሚሰማው ርግብግብታ አንዳንዴ ከዚሁ ይመጣል፤ መስታወቱ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ጎማውን ስለሚመታ። ከዚያ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ቱቦ ይዘው፣ ግፊቱን ዝቅ አድርገው፣ ከታች ወደ ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ያፍሱ፤ ሌላ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይመልከት።

አዲስ ሞዴል ኮንቨርተብል ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በብዙዎቹ ላይ እጀታው ሲነካ መስታወቱ በራሱ ትንሽ ይወርድና በሩ ሲዘጋ ይመለሳል። ባትሪው ከተፈታ በኋላ ይህ አሠራር ቦታውን ሊረሳ ስለሚችል በመመሪያው መሠረት እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል። በር ውስጥ የኤርባግ መቆጣጠሪያ ያላቸውም አሉ፤ ሶኬቱን ባትሪው ተፈቶ ሳለ ብቻ ይንቀሉ። የ1994 ሚያታ ሁለቱም የሉትም።

ይህን ሁሉ አድርገው ማንሻውን መቀየር የሚኖርብዎት ተሸካሚው ተሰንጥቆ ካገኙት፣ የካቦው ክሮች ተበጥሰው ከወጡ፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ነው። ያኔም ቢሆን ቡሺንጎቹንና ፌልቶቹን አብረው ይቀይሩ። ካልሆነ ግን የበሩን ሽፋን መልሰው ገጥመው አንድ ሳምንት ይንዱትና በማርከር ያሰመሯቸው ብሎኖች ከቦታቸው መንቀሳቀሳቸውን ያዩ ዘንድ ሽፋኑን አንዴ እንደገና ይክፈቱ፤ አዲስ ቡሺንግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ስለሚደላደል ብሎኑ ሩብ ዙር ሊጠብቅ ይችላል።